የታማሚው ምስጢርና የሕዝብ ጤና፦ ከወሎ እስከ ሲያትል

(ከሲያትል፣ ዋሽንግተን)

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ይላሉ አበው። እነዚያው አበው “ከአፍ ከወጣ አፋፍ” ብለውም ያስጠነቅቃሉ። አንዱ ተናገር፣ ሌላው ዝም በል የሚል ይመስላል። ዛሬ ላነሳው የፈለግኩት ጉዳይ በእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች መካከል ያለ ነው። የታማሚው ገመና የሚያበቃው የት ላይ ነው? የሕዝብ ጤና ጉዳይ የሚጀምረውስ ከየት ነው? ጥያቄው የሐኪሞችና የሕግ ባለሙያዎች ብቻ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን የአገራችንን ያለፉ ሃምሳ ዓመታት ወደኋላ ዞር ብሎ ለተመለከተ ሰው ጉዳዩ ፖለቲካ፣ ያውም የሕይወትና የሞት ፖለቲካ ሆኖ ያገኘዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን እንዳስብበት ያደረጉኝ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ልጃቸው ሥራ ላይ ስለነበር እዚሁ ደቡብ ሲያትል ለሐኪም ቀጠሮ ወሰድኳቸው። በስልክ ያስተረጎመልን ሰው ቀጠሮው አልቆ ስልኩን ከዘጋ በኋላ አንዲት ወጣት ባለሙያ መጣች። ስለ ስኳር በሽታ የሚደረግ ጥናት እንዳለ፣ እናታችን ፈቃደኛ ከሆኑ ጥቂት ደም እንደሚሰጡና የሕክምና መዝገባቸውም እንደሚታይ ገልጻ ብዙ ገጽ ያለው ወረቀት ሰጠችን። እኔም ተምሬአለሁ ባዩ ወረቀቱን አገላበጥኩና “ችግር የለውም እማማ፣ ይፈርሙ” አልኳቸው። እሳቸው ግን እስክሪብቶውን አላነሱም።

“ስሜ የት ነው የሚሄደው?” አሉኝ።

“የትም አይሄድም” አልኳቸው።

“አንብበኸዋል?”

አላነበብኩትም ነበር። እውነቱን ነገርኳቸው። “በል እንግዲያው አንብበህ ትነግረኛለህ። እኔ ስም ሲመዘገብ ብዙ አይቻለሁ” ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። ወረቀቱን ይዘን ወጣን። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰበሰብኩት ነው ከዚህ በታች የምጽፈው።

የእማማ ፍርሃት መሠረተ ቢስ ነውን?

በፍጹም አይደለም። በቀበሌ መዝገብ ዘመን የኖረ ኢትዮጵያዊ ስም ዝርዝር ሲያይ ቢደነግጥ የሚፈረድበት አይደለም። ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ማን እንዳደረ፣ ማን እንደጠፋ የሚመዘግበው ያው መዝገብ፣ ስኳርና ዘይት የሚታደልበትም ወጣቶች የሚለቀሙበትም ሰነድ ነበር። መዝገቡን የያዘው ሰው ሲለወጥ የመዝገቡ ጥቅም አብሮ ተለወጠ። እኛ ስደተኞች ይህን ትምህርት ከመጽሐፍ አላገኘነውም።

እዚህ አሜሪካስ? አሜሪካ ኤች አይ ቪ በደሙ የተገኘበት የውጭ አገር ሰው እንዳይገባ የከለከለችው በ1987 ነው። በ1993 ምክር ቤቱ ክልከላውን በሕግ አጸናው፤ የተነሳው ጃንዋሪ 4 ቀን 2010 ነው። ለስደተኞች ልዩ ፈቃድ የሚሰጥበት መንገድ ቢኖርም፣ ከሃያ ዓመት በላይ ሙሉ የደም ምርመራ ውጤት ከኢሚግሬሽን ፋይል ጋር ተቆራኝቶ ኖሯል። እንግዲህ በዚያ ዘመን ወገናችን ከምርመራ ቢሸሽ “ባህላችን ኋላ ቀር ስለሆነ ነው” ብሎ ማለፍ ይቻላልን?

ከሁሉ የከፋው ግን በእስራኤል የደረሰው ነው። ጃንዋሪ 1996 ማአሪቭ የተባለው ጋዜጣ አንድ ጉድ አወጣ። ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን የሚለግሱት ደም ከ1984 ጀምሮ ለራሳቸው ሳይነገር በምስጢር ሲጣል መኖሩ ታወቀ። ባለሥልጣናቱ ያቀረቡት ምክንያት በማኅበረሰቡ ውስጥ ኤች አይ ቪ ከሌላው ይበልጣል የሚል ነበር። አሥር ሺህ ያህል ሰው በኢየሩሳሌም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለተቃውሞ ወጥቶ ከፖሊስ ጋር ተጋጨ፤ ብዙዎችም ቆሰሉ። ልብ በሉ! በዚህ ታሪክ የማንም ታማሚ ስም አልወጣም። ወጥቶ የተፈረደበት የሕዝቡ ስም ነው። የግለሰቡን ስም መሰረዝ ብቻውን በቂ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

የአሜሪካ ሕግ ከየት መጣ?

የአሜሪካው የምርምር ሥነ ምግባር ሕግ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ በጥቁሮች ሥቃይ የተገኘ ነው። በአላባማ ክፍለ ሀገር በተስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 የመንግሥት ጤና አገልግሎት 399 የቂጥኝ ሕመምተኛ ጥቁሮችን “እያከምናችሁ ነው” እያለ በሽታው የሚያደርሰውን ጉዳት ብቻ ሲከታተል ኖረ። ፔኒሲሊን በ1940ዎቹ ፍቱን መድኃኒትነቱ ከታወቀ በኋላ እንኳ አልሰጣቸውም። ጉዱ በ1972 በጋዜጣ ሲወጣ አገር ተናወጠ። በ1974 የምርምር ሕግ ወጣ፤ በ1979 ደግሞ የቤልሞንት ሪፖርት ተብሎ የሚታወቀው ሰነድ ሰውን ማክበር፣ በጎ ማድረግና ፍትሕ የሚሉ ሦስት መርሆዎችን አስቀመጠ። ዛሬ ለእማማ የተሰጠው ብዙ ገጽ ወረቀት የዚያ ግፍ የልጅ ልጅ ነው።

ሁላችንም ሐኪም ቤት ስንገባ የምንፈርምበት “ሂፓ” የተባለው ሕግ የወጣው በ1996 ሲሆን፣ የምስጢር ጥበቃ ደንቡ ሥራ ላይ የዋለው ኤፕሪል 14 ቀን 2003 ነው። ደንቡ መዝገብ ለምርምር ሲሰጥ በአንደኛው መንገድ አሥራ ስምንት ዓይነት መለያዎች እንዲወጡለት ያዛል። ስም፣ ስልክ፣ አድራሻ፣ የትውልድ ቀንና የመሳሰሉት ይሰረዛሉ። ከዚፕ ኮድ እንኳ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ብቻ ይቀራሉ፤ እነሱም የሚቀሩት በአካባቢው ከ20,000 በላይ ሰው ሲኖር ነው። በሌላ በኩል ግን ደንቡ ለሕዝብ ጤና ባለሥልጣን በር ከፍቷል። በሕግ ሪፖርት እንዲደረጉ የተወሰኑ በሽታዎችን ሐኪሙ ያለ ታማሚው ፈቃድ ለጤና ጽሕፈት ቤት ያሳውቃል። ብዙ ወገኖቻችን የማያውቁት ይህን ነው። ምስጢሩ ፍጹም አይደለም፤ ድሮም ሆኖ አያውቅም።

ስም መሰረዝስ ምን ያህል ይከላከላል? በ1997 ላታንያ ስዊኒ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ተማሪ የማሳቹሴትስ መንግሥት “ስም የለበትም” ብሎ ለተመራማሪዎች የሰጠውን የሠራተኞች የሕክምና መዝገብ፣ በ20 ዶላር ከገዛችው የመራጮች መዝገብ ጋር አስተያየችና የአገረ ገዢውን የዊልያም ዌልድን የሕክምና ታሪክ ለይታ አወጣች። በኋላም የትውልድ ቀን፣ ጾታና ዚፕ ኮድ ብቻ ቢታወቅ ከአሜሪካ ሕዝብ 87 በመቶ የሚሆነው ተለይቶ ሊታወቅ እንደሚችል አስላች። በ2013 ደግሞ ወደ እኛው ዋሽንግተን ስቴት መጣች። ስቴቱ በ50 ዶላር የሚሸጠውን የሆስፒታል መዝገብ ገዝታ ስለ አደጋና ሕመም በጋዜጣ ከወጡ 81 ወሬዎች ጋር ስታመሳክር 35ቱን ከነሕመማቸው ለየቻቸው። ከዚያ በኋላ ነው ስቴቱ መዝገቡን የሚሰጥበትን ደንብ ያጠበቀው።

አሁን ይህን ወደራሳችን እናምጣው። “ኢትዮጵያዊት፣ ዕድሜ ሰባ ገደማ፣ ደቡብ ሲያትል፣ ይህን ይህን ቀዶ ሕክምና ያደረገች” ቢባል ማን መሆኗን ለማወቅ ኮምፒዩተር ያስፈልጋልን? አንድ ለቅሶ ቤት ይበቃል! ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው። አስተርጓሚው በቤተ ክርስቲያን የምናገኘው ሰው፣ ደም የምትቀዳው የዕድራችን አባል ልትሆን ትችላለች። ለብዙኃኑ የተቆረጠው የሕግ ልብስ ለትንሽ ማኅበረሰብ ይጠባል።

ምስጢር ሲበዛስ ማን ይሞታል?

እስከዚህ ያነበበ ሰው “እንግዲያው አለመፈረም ነው” ሊል ይችላል። እኔም ለጥቂት ቀናት እንዲሁ አስቤ ነበር። ነገር ግን የታሪኩን ሌላ ገጽ መግለጥ ግድ ነው።

ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ውሰዱ። መድኃኒቱ በጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ይለወጣል። በ1996 በታተመ አንድ ጥናት ደማቸውን የሰጡ ኢትዮጵያውያን ሲመረመሩ፣ 29 በመቶ የሚሆኑት ይህን የሚሠራው ጂን በእጥፍና ከዚያ በላይ ያላቸው ሆነው ተገኙ። በእነዚህ ሰዎች አካል ውስጥ ኮዴይን በፍጥነት ብዙ ሞርፊን ይሆናል፤ ለሕፃን ልጅ ትንፋሽ እስከ ማቆም ይደርሳል። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በ2017 ደግሞ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ ወሰነ። እነዚያ ደም ሰጪዎች እነማን እንደነበሩ አላውቅም፤ ማወቅም የለብኝም። የእነሱ ደም ግን ዛሬ ሲያትል የምትወለደውን ኢትዮጵያዊት ሕፃን ይጠብቃል።

በአገር ቤትም በ1994 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በአቃቂና በወንጂ የፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታትሏል። ሲዲ-ፎር የሚባለው የደም ሕዋስ በጤነኛ ኢትዮጵያውያን ከአውሮፓውያን ያነሰ መሆኑ በዚያ ዘመን በተደረገ ጥናት ተረጋገጠ። የመድኃኒት መጀመሪያው ልክ በዚያ ቁጥር ይወሰን በነበረበት ጊዜ ይህ ተራ ነገር አልነበረም። እኛ ያልተቆጠርንበት ሕክምና በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ነው።

በዚሁ በከተማችን የሆነውን ደግሞ ሁላችንም ኖረነዋል። ዶክተር ሄለን ቹና ባልደረቦቻቸው ከ2018 ጀምሮ የኢንፍሉዌንዛን ስርጭት ለማጥናት ከሲያትልና ከአካባቢዋ ሰዎች የአፍንጫ ናሙና ይሰበስቡ ነበር። በጃንዋሪ 2020 የአገሪቱ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ከዚሁ በስተ ሰሜን በስኖሆሚሽ ካውንቲ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ በእጃቸው ያለውን ናሙና ለኮሮና ለመመርመር ፈቃድ ጠየቁ። መልሱ አይሆንም ነበር። ሰዎቹ የፈቀዱት ለኢንፍሉዌንዛ ጥናት ነው፤ ቤተ ሙከራውም የታማሚ ውጤት ለመስጠት የምስክር ወረቀት የለውም ተባሉ። ሁለቱም ደንቦች በመልካም ምክንያት የወጡ ናቸው። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2020 ግን ያለ ፈቃድ መመርመር ጀመሩ። ወዲያው ወደ ውጭ አገር ያልሄደ አንድ የስኖሆሚሽ ወጣት በሽታው ተገኘበት። በሽታው በመካከላችን ሲዛመት መሰንበቱ ታወቀ።

አሁን ከባዱ ጥያቄ መጣ። ውጤቱን ይደብቁት ወይስ ይናገሩ? ለጤና ባለሥልጣናት አሳወቁ፤ ልጁም ተነግሮት ወደ ቤቱ ተመለሰ፣ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። በማርች መጀመሪያ ምርመራውን እንዲያቆሙ ታዘዙ። የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ቦርድ ግን እንዲህ ባለ የሕዝብ አደጋ ጊዜ አለመመርመሩና ውጤቱን አለመንገሩ ነው ከሥነ ምግባር ውጭ የሚሆነው ብሎ ደመደመ። በእነዚያው ቀናት በከርክላንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ያ ልጅ ስሙ ማን ነው? እኛ ሕዝቡ አናውቅም። የበሽታው ስምስ? በማግሥቱ ዓለም ሁሉ አወቀው።

በኛ አገር የተገለበጠው ሚዛን

በአገራችን ግን ነገሩ ተገልብጦ ኖሯል። በ1973 በወሎ ሕዝብ በረሃብና በረሃብ ተከትለው በሚመጡ በሽታዎች ሲያልቅ የንጉሡ መንግሥት “የአገር ገጽታ ይበላሻል” ብሎ ሸፈነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችም መንግሥቱን ላለማስቀየም ዝም ማለታቸውን ጃክ ሼፐርድ በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ አጋልጧል። ጆናታን ዲምብልቢ ፊልሙን በኦክቶበር 1973 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን እስኪያሳይ ድረስ ዓለም አላወቀም። መጨረሻው ምን እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ዘውዱ የተሸፈነውን ረሃብ ተከትሎ ወደቀ።

ሥርዓት ተለወጠ፣ ጠባዩ ግን አልተለወጠም። በ2006 ከጋምቤላ የተነሳ ወረርሽኝ ወደ ሌሎች ክልሎች ተዛምቶ በአሥር ሺዎች አሳመመ፣ በመቶዎች ገደለ። ኮሌራ መሆኑ በውጭ ዜና ማሰራጫዎች ሲዘገብ የኢሕአዴግ መንግሥት ግን “አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት” ከማለት ፈቀቅ አላለም። በኋላም “አተት” የሚል አጭር ስም ወጣለት። ሕዝባችን በአተት ሞተ እንጂ በኮሌራ አልሞተም ተባለ! በ2017 የቀድሞው የጤና ጥበቃ ሚኒስትር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ለዓለም ጤና ድርጅት መሪነት ሲወዳደሩ፣ ሎውረንስ ጎስቲን የተባሉ የጤና ሕግ ምሁር የ2006፣ የ2009 እና የ2011 ወረርሽኞች ተደብቀዋል ሲሉ ከሰሷቸው። እሳቸው ክሱን አስተባብለው፣ ሩቅ በሆኑ አካባቢዎች የቤተ ሙከራ ምርመራ አስቸጋሪ እንደነበር መለሱ፤ ተመረጡም። በ2019 ኮሌራ በይፋ ኮሌራ ሲባል ምን ደረሰ? ሰማይ አልተደፋም። ክትባትና እርዳታ መጣ።

ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ማለት ይህ ነው። በሲያትል የልጁ ስም ተሰወረ፣ የበሽታው ስም ተነገረ። በኛ አገር የታማሚው ስም በቀበሌ መዝገብ ላይ ሰፈረ፣ የበሽታው ስም ተሰወረ። አምባገነን መንግሥት ስለ ግለሰቡ ሁሉን ማወቅ ይፈልጋል፤ ሕዝቡ ስለራሱ እንዲያውቅ ግን አይፈልግም። ስለዚህ “ምስጢር ወይስ ምርምር?” የሚለው ጥያቄ ለኛ በቂ አይደለም። ለኛ ዋናው ጥያቄ “ምስጢሩ የማን ነው?” የሚለው ነው። ገመናው የታማሚው ነው፤ ወረርሽኙ የሕዝቡ ነው። መንግሥት በሁለቱም ላይ ባለአደራ እንጂ ባለቤት አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ከአገር ቤት ልጀምር። በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። አዋጅ መኖሩ ከአለመኖሩ ይሻላል። ነገር ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ስለ ግል ሕይወት መከበር ከደነገገ ስንት ዓመቱ? ስንት ስልክስ ተጠለፈ? አዋጁን የሚያስከብረው አካል ከአገዛዙ ካልተላቀቀ፣ ከኢሕአዴግ ወደ ብልጽግና የተሻገረው መዝገብ ነገም ወደ ሌላ እጅ ይሻገራል። የነጻነት ኃይሎች ስለ ነገዪቱ ኢትዮጵያ ፕሮግራም ሲጽፉ የመንግሥት ግልበጣና የምርጫ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ይህም ይግባበት። የታማሚን መዝገብ ፖሊስና የደህንነት ሠራተኛ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳያይ፣ ወረርሽኝን የደበቀ ባለሥልጣን ደግሞ በሕግ እንዲጠየቅ በግልጽ ይደንገግ።

እዚህ ላለነው ደግሞ ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ አንብበን እንፈርም፤ ላላነበቡትም እናንብብላቸው። ሁለተኛ፣ “ጥቁር” በሚለው ጥቅል ሣጥን ውስጥ ጠፍተን እንዳንቀር፣ በስማችን ስንቆጠርም እንደ እስራኤሉ እንዳንዋረድ፣ ስለ እኛ የተጠናው ጥናት ከመታተሙ በፊት ማኅበረሰባችን የሚሰማበት መድረክ እንጠይቅ። ሦስተኛ፣ የሰማነውን የሰው ገመና ለቡና ማጣጫ አናድርግ። የትኛውም የአሜሪካ ሕግ ከኛ ሐሜት ሊጠብቀን አይችልም።

ወደ እማማ ልመለስ። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያም ቤታቸው ሄጄ ቡና እየተጠጣ ገጽ በገጽ አስረዳኋቸው። ስማቸው በቁጥር እንደሚተካ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንደሚቀመጥ፣ በፈለጉ ጊዜ መውጣት እንደሚችሉ፣ መጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ ደማቸው ተቀምጦ ወደፊት ለሌላ ምርምር እንዲውል ይፈቅዱ እንደሆነ የሚጠይቅ ለብቻው የሚመለስ ጥያቄ እንዳለ ነገርኳቸው። ያንን ነበር “ችግር የለውም” ብዬ ልዘለው የነበረው።

ጥቂት አሰቡና “ለስኳሩ ይሁን፤ ለልጆቻችሁ የሚጠቅም ከሆነ እፈርማለሁ። ያኛውን ግን አልፈቅድም። ወደፊት ማን እንደሚይዘው አላውቅማ” አሉኝ።

ከሃምሳ ዓመት ታሪክ የተማርኩትን እሳቸው በሦስት ዐረፍተ ነገር ጨረሱት። ወረቀቱ በሁለት ቦታ ፊርማ ይጠይቅ ነበር፤ በአንዱ ብቻ ፈርመው መለሱልኝ።

ቸር ይግጠመን!